ሰውን ሁሉ ኢኮኖሚክስ ያስገባው ክቡር ዲን

ሚያዝያ ሃያ ሦስት ነበር ልበል? ዣንጥላ ይዤ እንደነበር ትዝ ስለሚለኝ ሰኔም ሊሆን ይችላል። ቀኑ ቢጠፋኝም ድንጋጤው አልጠፋኝም።

ራሱ ያልተማረውን ለሌላው የሚመርጥ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። የእኛው የመረጃ ክፍል ባልደረባችን ነበር፤ “ክቡር ዲን” እንለዋለን። ማስተርስ ያማረው ሁሉ ሚስቱን ከማማከሩ በፊት እሱን ያማክራል። ፍርዱ አንድ ነው፦ “ስታትስቲክስ ዕድሜ ይበላል። አፕላይድ ኢኮኖሚክስ ግባ፤ ቁጥሩንም ታገኛለህ፣ ወሬውንም።”

ሒሳብ ሹሟን፣ በሕልሟ እንኳ ቁጥር የምታየውን ሴት፣ ኢኮኖሚክስ አስገባት። ሾፌራችን የወንድሙን ነገር ሊጠይቀው ቢሄድ የራሱም ልብ ሸፍቶ ተመለሰ። የእህቴ ልጅ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ስታትስቲክስ እንዳለች ነው። አንድ ቀን ከጎኑ አስቀምጫት ሻይ ላዝዝ ወጣሁ፤ ስመለስ ሐሳቧን ቀይራለች።

ለመግቢያ ፈተናው የሸኘኋት እኔ ነኝ። የኢኮኖሚክሱ አዳራሽ አፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ሰልፉ ደጅ ድረስ ወጥቷል፤ ግማሹ የክቡር ዲን ምእመን ነው። ማዶ የስታትስቲክሱ በር ገርበብ ብሏል። አጮልቄ ባይ ባዶ ወንበር በባዶ ወንበር ላይ፤ ከፊት አንድ የማውቀው መላጣ። ክው አልኩ። ክቡር ዲን ሸሚዙን ተኩሶ፣ እርሳሱን ቀርጾ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጁን አጣምሮ ተቀምጧል።

በሩ ላይ የቆመውን ፈታኝ ጠየቅሁት። “ደንበኛችን ነው” አለኝ። በየዓመቱ ይፈተናል፤ በየዓመቱ ያልፋል፤ ቦታው ግን በበለጡት ይሞላበታል። “ዘንድሮ የሚበልጠው የለም። ምን ዋጋ አለው፣ አንድ ሰው ይዘን ትምህርቱን አንከፍትም። አሁን ነግሬው ነው የወጣሁት፤ አልነሳም አለኝ።”

ለካ ስንመከር የኖርነው ለእሱ የስታትስቲክስ መንገድ ሊጠረግለት ነው። ጠርጎ ጠርጎ መንገዱንም አብሮ ጠረገው። ላንቀው ይገባኝ ነበር።

ቆይቶ ወጣ። እኔን እንዳላየ አልፎ ሰልፉ ውስጥ የእህቴ ልጅ ጋ ቆመ። “የኔ ልጅ፣ እርሳስሽ ዶልዱሟል። በዚህ ሥሪ” አላትና የራሱን ሰጣት።

እኔም በዚህ ዕድሜዬ፣ ሁለት ሰው ብንሆንስ ይከፍቱታል ወይ ብዬ ክቡር ዲንን ልጠይቀው አፌን ስከፍት፣ የግቢውን በር አልፎ ሄዷል።