የአቶ ዳምጠው ግልባጮች

በየከተማው አንድ አቤት ባይ አለ። መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ ውሃም ሊጠፋ ይችላል፣ እሱ ግን አይጠፋም፤ እንዲያውም እነዚያ ሲጠፉ ነው እሱ የሚደምቀው። አሶሳ የክልል ዋና ከተማ በሆነች ሰሞን፣ ገሚሱ ቢሮ ወንበር ሳይገባለት፣ ገሚሱ ማኅተሙን በኃላፊው ቦርሳ ይዞ ሲዞር፣ የከተማዋ አቤት ባይ ግን ከነሙሉ ክብራቸው ሥራ ላይ ነበሩ። አቶ ዳምጠው ይባላሉ። ለሆዳቸው በገበያው ዳር ጨው፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ ይቸረችራሉ። ማዕረጋቸው ግን ሊቀ አቤቱታ ነው። ማዕረጉን የሰጠቻቸው የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ዘመናይ ናት። የሰጠቻቸውም በልቧ ነው፤ ቢሰሙማ በዚያም ይከሷት ነበር።

አቶ ዳምጠው በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ሲመጡ አንድ ብርድ ልብስና አንድ እስክሪብቶ ይዘው ነበር ይባላል፤ ብርድ ልብሱ አልቋል። ያልከሰሱት የለም። የጎረቤት አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ይጮኻል ብለው ለቀበሌ ጽፈዋል። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሳሙናዬን አቧራ አለበሰው ብለው ለአብራሪው ጽፈዋል። ልጃቸው ከክፍሏ ሁለተኛ የወጣች ጊዜ ደግሞ ለርእሰ መምህሩ ጽፈው፣ ግልባጩን አንደኛ ለወጣው ልጅ አባት ልከዋል።

አዎ፣ ግልባጭ! የሰውዬው ነገር ሁሉ ግልባጭ ነው። ሌላው ሰው አቤቱታውን ለአንድ ሹም ጽፎ ይተኛል። እሳቸው ግን ነገሩን ማወቅ ይገባቸዋል የሚሏቸውን ሁሉ ከደብዳቤው ግርጌ ይደረድሩና ለያንዳንዱ አንድ አንድ ይልካሉ። ድሮ ሦስት ነበሩ፤ ቀበሌ፣ ወረዳ፣ አውራጃ። ክልሉ ሲቋቋም ጉድ ፈላ። አንድ አዲስ ቢሮ ታፔላ በተከለ ቁጥር አቶ ዳምጠው አንድ ግልባጭ ይጨምራሉ። ከፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አስፋልት የሌለውን መንገድ ተሻግሮ ላለው ቢሮ እንኳ በሪኮማንዴ ነው የሚልኩት፤ ተመዝግቦ፣ ደረሰኝ ተቆርጦለት።

«ወይዘሮ፣ ሰውዬ መጣ» ይላል የፖስታ አዳዩ ሚፍታህ በመስኮት እያየ።

«ብዙ ነው የያዙት?»

«ወላሂ፣ ዘንቢል ይዟል።»

በሩ ይበረገዳል። «ይህ ነገር በዝምታ አይታለፍም!» ይላሉ አቶ ዳምጠው። ሰላምታቸው ናት። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ የሱቃቸውን የሩብ ኪሎ ድንጋይ አውጥተው የፖስታ ቤቱ ሚዛን ላይ ያስቀምጣሉ።

«ባለፈው ቅዳሜ ሁለት ግራም ያጋደለ መስሎኛል።»

«አቶ ዳምጠው፣ የመንግሥት ሚዛን እኮ ነው!»

«ለዚያ ነዋ የምፈትነው!»

ሚዛኑ ሲያልፍ ቴምብሩ ይቀጥላል። «ተንጋዷል፤ ተቀባዩ ሲያየው ሰካራም የላከው ይመስለዋል» ይላሉ። ወይዘሮ ዘመናይ ታነሳና ደግማ ትለጥፋለች። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። እሳቸው ዞር ብለው ስሙን ይጠይቁታል፤ ሰውዬው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስንት ቅዳሜ ነው ይቺ ሴት «አምላኬ፣ ወይ እሳቸውን ወይ እኔን ከዚህ አንሳ» ያለችው።

ጥር ላይ ልመናዋ የተሰማ መሰለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የቅርንጫፉ ገቢ ወጪውን አልሸፈነም፤ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልሸፈነ ቅርንጫፉ ተዘግቶ ሥራው ለወኪል ይሰጣል፤ ኃላፊዋም ወደ ሌላ ቦታ ትዛወራለች። ወኪል ማለት እኮ ደብዳቤህ በስኳርና በቢራ ሣጥን መካከል የሚያድርበት ሱቅ ማለት ነው! ዘጠኝ ዓመት ሠርታበታለች። ከየሰፈራው መንደር ማን ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ፣ የማን እናት ደብዳቤ እንደቆመ፣ የማን ሐዋላ በየስንት ወሩ እንደሚመጣ በቃሏ ታውቃለች። ይህን ሁሉ ለባለሱቅ አስረክባ ልትሄድ ነው።

ደብዳቤ ጠፍቶ ቢሆን ባልከፋ። ያቃጠላት ሌላ ነው። ከተማው እንደዚያን ጊዜ ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም፤ በየቢሮው የታይፕ ድምፅ ሲንጣጣ ይውላል። የጻፉት ሁሉ ግን የሚሄደው በሾፌር ኪስ ነው። ተቆጥታ አንድ ቢሮ ኃላፊ ዘንድ ሄደች።

«እህቴ፣ መኪናችን በየሳምንቱ አዲስ አበባ ይሄድ የለ? ለቴምብር ደግሞ በጀት አልተያዘም» አሏት።

«ለቤንዚኑስ?»

«እሱ ተይዟል።»

ፍረዱ እስቲ! ሃያ ግራም የማይሞላ ወረቀት ለማድረስ አንድ ላንድክሩዘር ስድስት መቶ ሰባ ምናምን ኪሎ ሜትር ነዳጅ ያቃጥላል፣ የሾፌር አበል ይከፈላል፣ ጎማ ይፈነዳል። የሳንቲም ቴምብር ግን በጀት የለውም! ከዚያ ፖስታ ቤቱ ከሰረ ይባላል። ከሰረ ሳይሆን ተዘረፈ ነው የሚባለው። ወይዘሮ ዘመናይ ይህን ለኃላፊው አልተናገረችም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ናትና። ተመልሳ ቅርንጫፉ ሊዘጋ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጠፈችና ተቀመጠች።

ማስታወቂያውን መጀመሪያ ያነበቡት ማን ይሆኑ? አነበቡት፤ መነጽራቸውን ጠርገው ደገሙት። ሳይጮኹ ወጥተው ሄዱ። ሚፍታህ እንኳ ደንግጦ «ሰውዬ ታሟል» አለ።

አልታመሙም። በሳምንቱ አሥራ አራት ገጽ ጥናት ይዘው መጡ። ርእሱ «የፖስታ ቤቱን የገንዘብ ችግር በአስቸኳይ ስለመፍታት» ይላል። ሾፌሮች ባምባሲ ኬላ ላይ ለደብዳቤ ይፈተሹ። ፍቅረኞች ከሌላው ይልቅ ተጠቃሚ ስለሆኑ እጥፍ ይክፈሉ። ማንኛውም ደብዳቤ የደረሰው ሰውም ሆነ ቢሮ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ ይኑርበት፤ መልስ ያጣ ደብዳቤ ሁሉ የፖስታ ቤቱን ገቢ በግማሽ ይቀንሳልና። ወይዘሮ ዘመናይ ሳቀች፤ ቆይታ ስታስበው ግን የመጨረሻዋ ነገር እውነት ነበረች። ጥናቱ ከነግልባጩ በሪኮማንዴ ሄደ። ማንም አልመለሰም።

አቶ ዳምጠው ግን በጽሑፍ ብቻ የሚያበቁ ሰው አይደሉም። አንድ ጠዋት ነዳጅ ማደያው ጋ የአንዱን ቢሮ ሾፌር፣ ጁምዓን፣ መኪናው በር ላይ ያዙት።

«ጁምዓ፣ ኪስህን አራግፍ!»

«ኧረ አቶ ዳምጠው! ሰው ይሰጠኛል፣ እኔ ይወስዳል። ሐራም ነው እንዴ?»

«ሌብነት ነው! ቴምብር የሌለው ደብዳቤ ሌብነት ነው!»

ጁምዓ እየሳቀ ሃያ ሦስት ደብዳቤ አወጣ። ሊቀ አቤቱታም አንድ በአንድ እየገለበጡ አድራሻቸውን አነበቡና አንዱ ላይ ቆሙ። ያችን ፖስታ ነጥቀው በቀጥታ ፖስታ ቤት ገቡ፤ ወይዘሮ ዘመናይ ጠረጴዛ ላይ አኖሯት። ባምባሲ ላለ ሰው የተላከች ናት። ላኪው ሚፍታህ ነው።

«ሚፍታህ! አንተም?» አለች።

«ወንድሜ ነው፣ ወይዘሮ» አለ ሚፍታህ አንገቱን ደፍቶ። «ጁምዓ ይፈጥናል።»

ያን ቀን በንዴት ምሳ አልበላችም። የቤቱ ሰው ካላመነበት ማን ያምንበታል? ሚፍታህ ግን በማግስቱ ቴምብር በደመወዙ ገዝቶ ለወንድሙ፣ ለአክስቱና ለማያውቀው የአክስቱ ባል ሳይቀር ጻፈ።

ሰኔ ገባ። ወይዘሮ ዘመናይ የጎደለውን ለማወቅ የደረሰኞቹን ቀሪ ስታገላብጥ አንድ ስም ዓይኗን ወጋው። ዳምጠው። ገጹን ገለጠች፤ ዳምጠው። ከሦስት ሪኮማንዴ አንዱ የዳምጠው ነው! እነዚያ ስንት በጀት ያላቸው ቢሮዎች ሰባራ ሳንቲም ሳያወጡ፣ ጨው ቸርቻሪው ናቸው ለካ ቅርንጫፉን ያቆሙት። እሷ ደግሞ በመጡ ቁጥር ኡፍ ስትል ኖራለች። በራሷ አፈረች።

ምን ያደርጋል፤ እሳቸው መምጣት ተዉ። አንድ ቅዳሜ ቀሩ፤ ሁለት ቅዳሜ ቀሩ። ለምና ያገኘችው ሰላም ይኸው ነበር፤ እሷ ግን በሩን ታያለች። ሰኔ ሠላሳ ቀን ሒሳቡን ስትዘጋ ስድሳ አንድ ብር ይጎድላል። ለስድሳ አንድ ብር ልትሄድ ነው።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተበረገደ። ዘንቢሉ ሙሉ ነው። ሰላምታ የለም፤ የሚዛን ፈተናም የለም።

«ምን ቢሆኑ ነው የጠፉት? የዛሬውስ ስለ ምንድን ነው?» አለች ደስታዋን መደበቅ አቅቷት።

«ስለ እርስዎ ነው» አሉ ፊታቸውን ሳይፈቱ። «ለዋናው መሥሪያ ቤት ነው ስጽፍ የሰነበትኩት። ከነግልባጩ ሃያ አምስት ነው፤ ይመዝኑ።»

ክው አለች። ዘጠኝ ዓመት ተንጋደደ እየተባለች ቴምብር ስትለጥፍ የኖረችው ለዚህ ነው? ወጥቼ ልሂድ አላት ልቧ። ከዚያ ግን ስድሳ አንዱ ብር ትዝ አላትና ፖስታዎቹን እየተቀበለች መመዘን ጀመረች። የራሷን ክስ ሃያ አምስት ጊዜ መዘነች፣ ሃያ አምስት ጊዜ ማኅተም መታችበት፣ ሃያ አምስት ደረሰኝ ቆረጠችለት። ደመረችው። አሁንም አሥራ አንድ ብር ይጎድላል።

«ለመንገድ ሥራውስ አይልኩም?» አለች ድምፅዋን አለስልሳ።

«እነሱን ምን አገባቸው?»

«ፖስታ በመንገድ ነው የሚሄደው።»

አቶ ዳምጠው በጥርጣሬ አዩዋት። ከዚያ እዚያው ቆመው እየገለበጡ ጻፉ። ለመንገድ፣ ለውሃ፣ ለአውሮፕላን ማረፊያው፣ ለነዳጅ ማደያው፣ ለከብት ሐኪሙ፣ እሷ እየጠቆመች እሳቸው እየጻፉ አምስት ጨመሩ። በመጨረሻ አንዲት ፖስታ አወጡ።

«ይቺ የእርስዎ ግልባጭ ናት። ተከሳሽ ማወቅ አለበት።»

«እዚሁ ነኝ እኮ፣ በእጅዎ ይስጡኝ።»

«በእጅ?» አሉ ጮኸው። «አገር የጠፋው በእጅ አይደለም እንዴ! በሪኮማንዴ!»

መዘነች፣ ለጠፈች፣ መታች፣ ደረሰኝ ቆርጣ ሰጠቻቸው። እሳቸው ወጡ። ሒሳቡ ሞልቶ ከአንድ ብር የማይበልጥ ተረፈ። ከዚያ በመዝገቡ ላይ ተቀባይ በሚለው ስር ስሟን ጽፋ ፈረመችና ፖስታውን ቀደደች።

የመጀመሪያው ገጽ እንደጠበቀችው ነው። ቴምብር አጣማ ትለጥፋለች። ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ከምሳ አሥራ ስምንት ደቂቃ አርፍዳ ገብታለች። ባለጉዳይ ሲመጣ ኡፍ ትላለች። በሁለተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦

«ሆኖም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለመንግሥት ጽፌአለሁ፤ አንድም መልስ አላገኘሁም። ከጻፍኩላቸው ሁሉ ተቀብያለሁ ብላ የፈረመችልኝ እሷ ብቻ ናት። ደረሰኞቿ በሙሉ ሣጥኔ ውስጥ አሉ። አሁን ገንዘብ አላመጣችም ብላችሁ ልታነሷት ነው አሉ። እሷን ካነሳችሁ ለማን ልቆጣ ነው? በአስቸኳይ እንዲታሰብበት አመለክታለሁ።»

«ምን ይላል፣ ወይዘሮ?» አለ ሚፍታህ።

«ቴምብር አጣማ ትለጥፋለች ይላል» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እዚያው ወረቀት አወጣች። «ለአቶ ዳምጠው። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ምሳው ሰዓት አምኛለሁ። ሒሳቡ ሞልቷል፤ ከዚህ አልሄድም።» ከቦርሳዋ ከፍላ ተራ ቴምብር ለጠፈችበትና የፖስታ ሣጥናቸው ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ተበረገደ። አቶ ዳምጠው የተከፈተ ፖስታ በእጃቸው ይዘዋል።

«በተራ ደብዳቤ?» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ጠብቄ የመጀመሪያ መልሴ በተራ ደብዳቤ? የት አለ ደረሰኙ? መድረሱን በምን አስረዳለሁ?» ዓይናቸው ቀልቷል።

ወይዘሮ ዘመናይ ኡፍ አላለችም። ደብዳቤውን ተቀብላ ሚዛን ላይ አኖረችው፤ የሪኮማንዴውን ከኪሷ ከፍላ፣ ቴምብሩን ቀጥ አድርጋ ለጥፋ፣ ማኅተም መታችበት። ከዚያ መዝገቡን ወደ እሳቸው አዞረችና እስክሪብቶ ሰጠቻቸው። አቶ ዳምጠው መነጽራቸውን ጠርገው፣ ተቀባይ የሚለውን ቦታ በጣታቸው ፈልገው፣ ስማቸውን ከነአያታቸው ጽፈው ፈረሙ።