ጫማ ያስወለቀን ቴክኖሎጂ

የአዲስ አበባ ሰው ወረፋ ካየ መጀመሪያ ይሰለፋል፤ የምን ወረፋ እንደሆነ የሚጠይቀው ግማሽ ከደረሰ በኋላ ነው። ዘይት የሚታደል መስሎት ተሰልፎ ክትባት ሆኖ ቢያገኘው፣ "እንግዲህ ከመጣሁ አይቀር" ብሎ ክንዱን የሰጠ ጎረቤት አለኝ። ይህንን የሰው ጠባይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዓመታት የሚማሩት አሉ አሉ፤ ትምህርቱም ማርኬቲንግ ይባላል። እኔ በሦስት ቀን ጨርሼዋለሁ፤ ያውም በካልሲ።

ትውልዴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር፣ ባሕር ዛፍ መሀል ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከመኪና ታፔላ ላይ ስለሆነ፣ የከተማ ስም ያልሆነ ቃል ሳነብ እስከ ዛሬ ያልበኛል። እግዜር ግን በቀለም የነሳኝን በጉሮሮ ክሶኛል። አንድ ጠዋት ከደጄ ሆኜ ባስነጥስ፣ ከሱሉልታ "ይማርህ" ብለውኛል። በዚህ ድምፅ ላምበረት መናኸሪያ ሃያ ዓመት የወሎ መንገደኛ ስጣራ ኖርኩ።

ቤዛ ያገኘችኝም እዚያው ነው። ልጅቷ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ስልክ ላይ የሚጫን አፕ ሠርታለች፤ ዕቃ የጠፋበት ሰው ይመዘገብበታል፣ ወድቆ ያገኘም ይመዘገብበታል፣ አፑ ሁለቱን ያገናኛል። ስጣራ ሰምታኝ ቆም አለችና "ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የተፈጥሮ ማርኬተር ነዎት" አለችኝ። ስድብ መስሎኝ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር። ሥራ መሆኑን ስትነግረኝ ዋጥኩት።

ውሉ አጭር ነው። የካ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ አዳራሽ፣ የሦስት ቀን የቴክኖሎጂ ፌስቲቫል አለ። እዚያ መቶ ሰው ካስመዘገብን ሊደግፏት ያሰቡ ሰዎች ይደግፏታል፣ እኔም ቋሚ እሆናለሁ። መቶ ካልሞላ እሷ ቢሮዋን ትዘጋለች፣ እኔም ወደ ላምበረቴ።

ብልህ ሰው ቢሆን ይህንን ሰምቶ ድምፁን አጥፍቶ ይሄዳል። እኔ ግን መናኸሪያው መሀል ቆሜ የስንብት ንግግር አደረግሁ። "ወገኖቼ፣ ከእንግዲህ የምጣራው ዘመንን ነው" እስከማለት ደረስኩ። የጥሪ ባላንጣዬ ሸዋንግዛው አጨብጭቦ ሲያበቃ "ቦታህን እስከ ሐሙስ እጠብቅልሃለሁ" አለኝ። ለምን ሐሙስ ብለው፣ "ረቡዕ ያባርሩሃል፤ አንዱን ቀን ለማልቀሻ ትቼልህ ነው" አለ። አሁን በዚህ አፍ ፊት እንዴት ይመለሷል?

ፌስቲቫሉ እንዴት ነበር ትሉኝ እንደሆነ፣ የካ ሚካኤል በንግሥ ዕለት እንዲያ አይጨናነቅም፤ ቢጨናነቅም ሰው የሚሄድበትን ያውቃል። እዚህ ግን ሁሉም ይሄዳል፣ ማንም አይደርስም። አንዱ ዓይኑን በጥቁር ሣጥን ሸፍኖ አየር በቡጢ ይመታል። ሮቦት የተባለ ብረት እጁን ዘርግቶ ሰላም ሲለኝ፣ በስተርጅና ባለጌ እንዳልባል ጎንበስ ብዬ የቤተሰቡን ደህንነት ጠየቅሁት። አዳራሹ ውስጥ የተከልነውን የእኛን ድንኳን ግን ማን ዞር ብሎ ይየው? "ደሴ" ስል ሰው ይሮጣል፤ "አፕ" ስል ይሸሻል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል እንዲሉ፣ አንዲቱን ወይዘሮ ክንዷን ይዤ "ምንም ነገር ጠፍቶብሽ አያውቅም?" ብላት ቦርሳዋን ጨብጣ በረረች። በሁለት ቀን አሥራ አንድ ሰው ተመዘገበ፤ ከእነሱም አራቱ የቤዛ አክስቶች ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ማለትም ረቡዕ ቤዛ ቢጨንቃት ድንኳኑን አስጌጠችው። ቀይ ምንጣፍ ዘረጋች፣ በሩ ላይ መጋረጃ ሰቀለች። እኔ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ቀይ ምንጣፍና መጋረጃ። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እግሬ እኔን አያማክረኝም። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ ገባሁ። ካልሲዬ ቀዳዳ ስለነበረው አውራ ጣቴ ከእኔ ቀድሞ ገባ።

ከኋላዬ ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት መጡና የእኔን ጫማ አይተው የራሳቸውን አወለቁ። ሾላ ገበያ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ኑሩም "እንዲህ ያለ ንጹሕ ቦታ በጫማ አይገባም" ብለው አወለቁ። ከዚያማ ምን ልንገራችሁ? በር ላይ የጫማ ክምር ያየ ሁሉ፣ "ውስጥ ትልቅ ነገር ቢኖር ነው" እያለ እያወለቀ ይገባ ጀመር። ክምሩ አደገ፤ ከእንጦጦ የሚያንሰው በዛፍ ብቻ ነበር። ቤዛ በጆሮዬ "ጋሼ፣ ጫማ አውልቁ ያላቸው ማነው?" አለችኝ። "ማርኬቲንግ ነው" አልኳት።

ሰዉ ግን ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ እግሩን ያሳርፋል እንጂ የሚመዘገብ የለም። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ መብራት ድርግም አለ። ያ ሁሉ ቴክኖሎጂ በአንድ ጊዜ ዝም፤ ሮቦቱም እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ሰው በጨለማ ተጋፍቶ ወጣ፤ ያገኘውን ጫማ ያገኘው እግሩ ላይ እያጠለቀ ተበተነ። መብራቱ ሲመለስ አንዱ ወጣት ግራ እግሩ ስኒከር፣ ቀኙ የሴት ሸራ ሆኖ ቆሟል። ሐጂ ኑሩ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው "ልጄ፣ ይህ የእኔ አይመስለኝም" አሉኝ በትህትና።

ቤዛ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ወንበር ላይ ወጣሁ። "ጫማ የጠፋበት በቀኝ፣ የሰው ጫማ ያጠለቀ በግራ፣ ሁላችሁም ስልክ በእጅ" ብዬ ጉሮሮዬን ለቀቅሁት። አዳራሹ ጥግ የደረሱት ሁሉ እግራቸውን እያዩ ተመለሱ። የጠፋበትም ተመዘገበ፣ ያገኘውም ተመዘገበ፤ አፑም እውነቱን ለመናገር አላሳፈረንም። ሐጂ ኑሩ ጫማቸውን ከአንድ የባንክ ሠራተኛ እግር ላይ አገኙት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ቁጥሩ ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆመ። አዳራሹ እየተዘጋ ነው። "አንድ ሰው የቀረው" ብዬ ጮህኩ። ላምበረት ሃያ ዓመት ባዶ አውቶቡስ ተደግፌ "አንድ ሰው የቀረው" ስል ሰው እየተሻማ ይገባ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ስናገር ማንም ዞር አላለም።

የራሴን ጫማ ላጠልቅ ስሄድ ቦታው ባዶ ነው። ቤዛ አየችኝ። እኔም አየኋት። ስልኬን ተቀብላ ትጽፍልኝ ጀመር። መልኩን ስትጠይቀኝ ጥቁር አልኳት። ዓይነቱስ ስትል፣ "ቆዳ፣ አዲስ፣ የጣልያን" አልኳት። "ጋሼ፣ ጫማውን ጠዋት አይቼዋለሁ እኮ" አለች። "እንግዲያው ጥቁር ብለሽ ተዪው" አልኳት። መቶ ሞላ።

በማግስቱ በነጠላ ጫማ ላምበረት ወረድኩ። ሸዋንግዛው እግሬን እያየ ሥራው እንዴት ሆነ አለኝ። "ቋሚ ሆኛለሁ" አልኩት። ጫማህስ ሲለኝ፣ "እሱ በኮንትራት ነበር" አልኩት።

እነሆ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ስልኬ ግን በየማለዳው "ውድ ደንበኛችን፣ ዕቃዎን ለማግኘት ተቃርበናል" ይለኛል። ቃሉን የመረጥኩት እኔው ነኝ። ቤዛ "አልተገኘም" ይበል ብትል፣ ደንበኛ ተስፋ መቁረጥ የለበትም ብዬ እንደ ማርኬቲንግ ኃላፊ ተከራክሬ አስቀየርኳት። እውነትም ይሠራል። ዛሬ ጠዋት መልእክቱን አንብቤ እንደጨረስኩ፣ ለማንኛውም ብዬ ካልሲዬን አጥቤ አሰጣሁ።