ለአስካለ የተሳልነው ዣንጥላ

ሰው የራሱን መከራ ሲያወራ ዓይኑ ደረቅ ነው፤ የሌላውን ሲሰማ ግን ነጠላው ይርሳል። ልብ ብላችሁ አይታችሁ እንደሁ እንጃ፣ እኔ ግን አይቻለሁ። ሰባት ወልዳ አራቱን የቀበረች ሴት "ምን ይደረግ፣ የሰጠ ነሣ" ብላ እንዝርቷን ታሾራለች፤ ሩቅ አገር ያለ፣ በመልክ የማታውቀው ሰው በቅሎው ገደል ገባችበት ሲሏት ግን ደረቷን ትደቃለች። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች" የሚባለው ለወጥ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለእንባም ኖሯል! የሰው መከራ ሳይቀል አይቀርም፤ አልቅሰውለት ሲያበቁ እዚያው ጥለውት ይሄዳሉ። የራስን የት ይጥሉታል?

ይህን የምላችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም፣ በራሴ ደርሶ ነው። ጥፋቱም የዚህችው የምትጽፍላችሁ የወንድሜ ልጅ ነው ማለት ይቻላል፤ የሄድሁት ለእሷ ክርስትና ነበራ! ሰማንያ ቀኗ ነበር። አትሳቂ፣ ጻፊ።

ወንድሜ ያኔ አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው። እኔ ከጎንደር ወጥቼ አላውቅም፤ የሩቅ መንገዴ እንፍራንዝ ነበር። ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላትቼ፣ ዓባይ በረሃ ላይ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጨርሼ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ደረስሁ። ክርስትናውም ሸጋ ሆኖ አለፈ። በማግሥቱ ማታ ወንድሜ "እትዬ፣ ነይ አንድ ጉድ ላሳይሽ" ብሎ ወደ ቤት አከራዩ ሳሎን ወሰደኝ። ከግድግዳው ሥር፣ በጠረጴዛ ላይ፣ ጥልፍ ጨርቅ የለበሰ ነገር ተቀምጧል። ጎረቤቱ ሁሉ ጫማውን እያወለቀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይገባል። ታቦት መስሎኝ ተሳለምሁ! የቤቱ እመቤት ጨርቁን ገፈፈችው። ቴሌቪዥን ኖሯል።

የዚያን ዕለት የሚታየው ተውኔት ነበር። አስካለ የምትባል ሴት አለች፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ያለች ሴት፣ ባላባት አይደለች፣ ወይዘሮ አይደለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ ቀረባት። ልጇ ታመመባት። እንጀራ የምትበላበት ቤት "በቃሽ" አላት። አከራይዋ መጥቶ "እስከ ነገ ልቀቂ" አላት። እናንተ፣ ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት! ለእኛ መከራ እንኳ ሲመጣ በየተራው ነው። እኔ ማልቀስ ጀመርሁ። ወንድሜ ጎኔን ጎሰም አድርጎ "ኧረ ተውኔት ነው እትዬ፣ የሚጫወቱት ናቸው፤ ሴትዮዋ ስትጨርስ ቤቷ ገብታ እራቷን ትበላለች" አለኝ። "ትብላ፣ ማን ከለከላት" አልሁትና ማልቀሴን ቀጠልሁ። ከሁላችን አብልጣ ያለቀሰችው ግን የቤቱ እመቤት ነበረች፤ መሀረብ አልበቃት ብሎ በጥልፉ ጨርቅ አበሰች።

አስካለ ከጠፋው ምድጃ አጠገብ ኩርምት ብላለች። በሩ ተንኳኳ። ቀና አለች። መብራት ጠፋ!

የእሷ ቤት አይደለም፣ የሰፈሩ ሁሉ። ብንጠብቅ ብንጠብቅ አልመጣም። እኔ በማግሥቱ ጠዋት ለአውቶቡስ ስወጣ፣ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከግቢው በር ቆማ "ስለ ማርያም" ትላለች። የቤቱ እመቤት፣ ዓይኗ ገና እንዳበጠ፣ "እግዜር ይስጥሽ" ብላ በሩን ዘጋችባት። እኔም ታዝቤያት ሄድሁ። ሰው መታዘብ እንዴት ቀላል ነው!

ጎንደር እንደገባሁ የጥር ማርያም ሆነ። ቁስቋም አጥቢያ የሴቶች የማርያም ማኅበር አለን፤ በየወሩ በሃያ አንድ በየተራ እንደግሳለን። የማኅበራችን ሙሴ፣ የምትመራን፣ እትዬ የሺ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ደወል ነው፣ ሳትጠራ ታሰማለች። ጠላው ተቀዳ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ "በይ አዲስ አበባን አውሪን" አሉኝ። ወሬ የማይወድ ያለ እንደሁ እሱ ይፍረድብኝ፤ ስለ አስካለ ጀመርሁ። "ቴሌቪዥን የሚሉት ሳጥን አለ፤ ሬድዮ ድምፅ ያሰማል፣ ይኸኛው ፊት ያሳያል" አልሁ። እነሱ ደግሞ ሬድዮ የሚያውቁት የጃንሆይን አዋጅና ዜና ሲናገር ነው፤ ሬድዮ የሚለው እውነት ከሆነ ይኸኛው የሚያሳየው እውነት መሆኑን ማን ይጠራጠራል? "በዚህ ዓይኔ አየኋት" ብያለሁ። አይቻታለሁ እኮ! የሕፃኑን ሳል ሳስልላቸው፣ የአከራዩን አረማመድ ስረማመድላቸው፣ ቤቱ በለቅሶ ተናጠ። ዋንጫው ሁሉ ተረሳ።

"ያች ምስኪን የየት አጥቢያ ናት?" አለች እትዬ የሺ።

"አዲስ አበባ ናት እንግዲህ።"

"አዲስ አበባም ቢሆን መቼም ማርያም አታጣም" አለችና ብድግ አለች። ነጠላዋን አደገደገች። "ቁስቋም ማርያም! የዚያችን ሴት ባል ከደጇ ብታደርሽላት፣ ማኅበራችን ባለ ዘርፍ የከፋይ ዣንጥላ ያገባልሻል!"

እልል ተባለ። እኔ ያን ጊዜ "ቆዩ፣ ተውኔት ነው" ማለት ነበረብኝ። አፌ ውስጥ ዳቦ ነበር። እሱን እስክውጥ እልልታው ሦስተኛ ደረሰ፤ ከሦስተኛ እልልታ ወዲያ ደግሞ ማን ይናገራል?

ስወጣ ደብሪቱ ተከተለችኝ። ደብሪቱ ከእኔ ቤት ሦስት ደጅ ዘላ የምትኖር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ባሏ አዲሱ ለሰሊጥ አጨዳ ሳንጃ ቆላ ከወረደ ሁለተኛ ዓመቱ፤ ወሬው የለም። እሷ ፈትላ ትበላለች። ስታለቅስ አላየናትም። ያን ዕለትም ሁሉ ሲላቀስ እሷ ብቻ አላለቀሰችም።

"እትዬ ጥሩ" አለችኝ፣ "በሩን ያንኳኳው ማነው?"

"አላየሁም እታለም። መብራት ጠፋ።"

"ምነው? እንዲያ በር አንኳኩተሽ ትተሽን ትመጫለሽ?"

ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተመለሰ። "አያ ሙጬ ሊድረኝ ነው" አለች። አያ ሙጬ ታላቅ ወንድሟ ነው። "እንፍራንዝ ላለ ሰው፣ ሚስቱ የሞተችበት። ለየካቲት ማርያም ቃልሽን ስጭኝ ብሎኛል። ሰውየው ሸጋ ነው ይላሉ፣ ይሁን። እኔማ አዲሱ ሞቶ እንደሁ ላልቅስለት፤ ሌላ አግብቶ እንደሁ ልርገመው። ሁለቱንም ሳላደርግ ምን ብዬ ሌላ ቤት እገባለሁ? አሁን ግን ያቺ አስካለ እንደኔው ናት። ባሏ ከመጣላት እጠብቃለሁ። ካልመጣላት እንፍራንዝ እወርዳለሁ። አንቺ ጠይቂልኝ ብቻ።"

እዚህ ላይ ነው ዳቦው ጉሮሮዬ ላይ የቆመው። ለአስካለ ያን ያህል ያነባሁ ሴት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች ደጅ ሳልፍ "ከአዲሱ ምን ሰማሽ?" ብዬ አላውቅም! የአዲስ አበባዋን እመቤት ታዝቤ መጥቼ፣ ለካ እኔም በሬን ዘግቼ ነበር።

ለወንድሜ ደብዳቤ አስጻፍሁ፦ "በሩን ያንኳኳው ማነው? ያየ ሰው ፈልገህ ቶሎ ላክልኝ።" ወንድሜ አበደች ሳይል አይቀርም። መልስ የለም። የካቲት ገባ። እንቅልፍ ሲነሣኝ ወደ ነፍስ አባቴ ወደ መምሬ ወርቁ ሄድሁ።

"አባ፣ ማኅበሩ የተሳለው ለሌለች ሴት ነው" አልኋቸው፤ ሁሉን ተናዘዝሁ።

ጢማቸውን አሹ። "ሴትዮዋ የለችም?"

"የለችም።"

"ማርያምስ?"

"ኧረ አለች እንጂ!"

"እንግዲያ ስለቱን የምትቀበለው እሷ አይደለችም? ለዣንጥላው አትጨነቂ። ለደብሪቱ ግን ንገሪያት። አየሁ ያልሽውን እንዴት እንዳየሽው ንገሪያት።"

ሄድሁ። ደብሪቱ ደጃፏ ላይ ስትፈትል አገኘኋት። ሳልቀመጥ ነገርኋት። አስካለ የለችም፣ ሰው ቁጭ ብሎ ጽፏት ነው፣ ሌላ ሴት ናት አስካለን ሆና የታየችው፣ ሕፃኑም ከማን እንደተዋሱት እንጃ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እንዝርቷን አቆመች።

"እንግዲያ ባሏ መምጣት አለመምጣቱን የሚያውቀው የጻፋት ሰውዬ ነዋ።"

"እሱ ነው።"

"የእኔንስ ማን ያውቀዋል?"

"እግዜር ነዋ" አልሁ።

"እግዜርማ ያውቃል፤ ቆላ የወረዱ ሰዎችም ያውቃሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው እስኪነግረኝ መቀመጤ ምን ነክቶኝ ነው?" አለችና ፈትሏን ሰበሰበች።

በማግሥቱ በሶዋን ቋጥራ፣ ሰሊጥ ሊጭን ሳንጃ በሚወርድ ማኪና ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተቀምጣ ሄደች። ወሬውን የሰማሁት ከአያ ሙጬ ነው፤ ዱላውን ይዞ ደጄ ላይ ቆመ።

"አንቺ ጥሩ! እህቴን ምን አቀመስሻት? ከአዲስ አበባ መተት ይዘሽ ገባሽ?"

"ኧረ መተት አይደለም አያ ሙጬ፤ ቴሌቪዥን ነው።"

"ያው ነው!" አለ። "ቆላ ነው እኮ! ወባ አለ። እህቴ ብትቀር ካንቺ ራስ አልወርድም።"

አልተሳሳተም፣ እኔም ያንኑ ፈርቻለሁ። የየካቲት ማርያም ያለ እሷ አለፈ። ወደ ቁስቋም ወጥቼ፣ ከፈረሰው ግንብ ሥር ተንበርክኬ፣ "እመቤቴ፣ ደብሪቱን በደኅና ብትመልሽልኝ ጧፍ አገባልሻለሁ" አልሁ። ካልሁት በኋላ ራሴን ታዘብሁት። ለሌለችው አስካለ ዣንጥላ፣ ላለችው ደብሪቱ ጧፍ! "ጧፉን በእቅፍ" ብዬ አሻሻልሁ።

ሁለተኛው ሳምንት አልቆ ሦስተኛው ሲጋመስ፣ መጋቢት ላይ፣ ውኃ ስቀዳ ከመንገዱ ጩኸት ሰማሁ። ለቅሶ መስሎኝ እንስራዬን ለቀቅሁት፤ ተሰበረ። እልልታ ኖሯል። ደብሪቱ ፊት ፊት፣ ከኋላዋ በአህያ ላይ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ፣ እንደ ሰም የገረጣ ሰው። አዲሱ ነው! ወባ ጥሎት፣ ሲሻለው ደግሞ አጭዶ ያገኘው ሁሉ ለመድኃኒትና ለአፉ አልቆ፣ አፍሮ ቀርቶ ነው።

"'ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ' ይለኛል" አለች ደብሪቱ፣ ሰዉ እየሰማ። "'እጅህን ማን ፈለገው፣ ራስህን አምጣ' አልሁት።"

ይህን ስትል እንኳ ዓይኗ ደረቅ ነበር። አያ ሙጬ ግን እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እንፍራንዝ ላለው ሰውም ራሱ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። እትዬ የሺ "ማርያም የአንዷን ስንለምናት የሁለቱን ሰጠችን!" ብላ በዚያው ለዣንጥላው መዋጮ ጠራች። ለእሷ የደብሪቱ ባል መግባት የአስካለም ባል ለመግባቱ ምስክር ነው። የሚከራከራት አልተገኘም።

ደብዳቤው የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ወንድሜ ሌላ ሰፈር ያለ፣ መብራት ያልጠፋበት ሰው አፈላልጎ ጠይቋል። ማንበብ በሚችል ጎረቤት አስነበብሁት፤ አስነብቤ ቀጥታ ደብሪቱ ዘንድ ሄድሁ። አዲሱ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ቅንጨውን ይበላል።

"መጣ እንዴ? ማን ኖሯል ያንኳኳው?" አለችኝ።

"አከራይዋ ነው" አልሁ። "ነገ እስኪነጋ አልጠብቅም ብሎ። አወጧት። ልጇን እንዳቀፈች ደጅ ላይ ሞተች። በዚያው አለቀ ይላል።"

ደብሪቱ አንድ ጊዜ ወደ አዲሱ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና፣ እናንተ፣ አለቀሰች! ሁለት ዓመት ሙሉ ያልወረደው እንባ ለአስካለ ወረደ። "የለችም እኮ፣ ደብሪቱ፣ ነግሬሻለሁ እኮ" እላለሁ፤ "እኔን ይብላኝ፣ የኔ እህት፣ እኔን ይብላኝ" ትላለች። አዲሱ ማንኪያውን ይዞ "ማን ሞተባችሁ?" አለ።

"ዘመድ ናት" አለች ደብሪቱ። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደች፣ አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ አገባችው። "ለማኅበሩ እንዳትነግሪ" አለችኝ።

ኅዳር በገባ በስድስት ቀን የቁስቋም ንግሥ ዣንጥላችን ወጣ። ቀይ ከፋይ፣ ዘርፉ እንደ ወርቅ የሚንቆረቆር፤ ካህናቱ ሁሉ ዞር ብለው አዩት። መምሬ ወርቁ ከሥሩ ቆመዋል። እትዬ የሺ በዚያ ድምፅዋ፣ ታቦቱ ገና ሳይነሣ፣ "አንቺ ጥሩ፣ ያች የአዲስ አበባዋ አስካለ እንዴት ሆነች? ጠይቀሻል?" አለችኝ።

አፌን ከፈትሁ። ደብሪቱ ግን ቀደመችኝ።

"ደኅና ናት" አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ። "ባሏ ገብቶላታል። ልጁም ተሽሎታል።"

ሴቱ ሁሉ እልል አለ። መምሬ ወርቁ ሰምተዋል፤ አንድ ጊዜ እኔን አዩኝ፣ አንድ ጊዜ ደብሪቱን አዩ፣ ከዚያ "አንተው ታውቃለህ" ለማለት መሰለኝ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። ሰማዩን ግን አላዩትም። ዣንጥላው ጋርዶት ነበር።