የሐቢባ ቤትና የእኔ ቀጠሮ

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ብለዋል። እውነት ነው። በቀጠሮ መሃል ስለሞተችው በቅሎ ግን ምንም አላሉም፤ ምናልባት በእነሱ ዘመን ዳኛ ለስብሰባ አይጠራም ይሆናል። እኔ ግን እጠራ ነበር። ጅጅጋ ላይ ዕድሜዬን በዳኝነት ገፍቼ በክብር ጡረታ ወጥቻለሁ። ጉቦ አልበላሁም፤ ለዘመድ አላደላሁም። ይህን ስናገር ደረቴን ብነፋ ታገሡኝ፤ ወዲያው ይተነፍሳል።

ሐቢባ የአፍደም ሴት ናት። ባሏ ሲሞት የባሏ ወንድም ቤቱን ካልወረስኩ ብሎ ከሰሳትና ክርክሩ በይግባኝ እኔ ዘንድ ደረሰ። በየቀጠሮው ከአፍደም ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ጅጅጋ ተሳፍራ ትመጣለች። አንድ ቀን መዝገቡ አይገኝም፤ አንድ ቀን የሰውየው ጠበቃ ይታመማል። በመጨረሻ ፍርዱን ጽፈን ጨረስን፤ ማንበብ ብቻ ቀረን። በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራሁና ለሁለት ወር ቀጠርኳት። ቤቱ እንዳይነካ እግድ ብትለምነኝም «ከፍርዱ ጋር እናየዋለን» ብዬ አለፍኩት። «ይቅርታ እናቴ» ማለቱን ግን አልረሳሁም።

በሁለቱ ወር ውስጥ ሰውየው ቤቱን አፈረሰው። እኔ ይህን ሳልሰማ በቀጠሮው ቀን ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ቤቱ የሐቢባ መሆኑን በሙሉ ድምፅ አነበብኩ። አስተርጓሚው በሶማልኛ ነገራት። እሷም አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም አቀርቅሮ ወደ እኔ መለሰው።

«የትኛው ቤት? ትላለች።»

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ባለፈው ዓመት ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። እኔ ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ፤ እሷ ግን «ክቡር ዳኛ!» ብላ እጄን ያዘች። ስንት ዘመን ያብላላሁትን ይቅርታ እየተንተባተብኩ አወጣሁት።

«ወላሂ እርስዎ ደግ ነበሩ» አለችኝ፣ በፍርድ ቤት ምልልስ በለመደችው አማርኛ። «ሲቀጥሩኝ ይቅርታ የሚሉኝ እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እናንተስ ብትሆኑ?

ለፈረሰው ቤቷ ካሳ ጠይቃ፣ ያም ይግባኝ ተብሎበት ለችሎት መምጣቷ ኖሯል። አብሬያት ሄድኩ። ስንት ዓመት ከላይ ሆኜ ያየሁት አግዳሚ ወንበር እንዲህ እንደሚቆረቁር አላውቅም ነበር። ወጣቱ ዳኛ መዝገቡን ገለጥ አድርጎ፣ በትሕትና፣ አልተመረመረም አለና ለሁለት ወር ቀጠረ። እኔ ሳላስበው ብድግ ብዬ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኚህ ሴት እኮ ከአፍደም ነው የመጡት!» አልኩ።

«አባባ፣ ይቀመጡ!» አለኝ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። «ሳይፈቀድልዎ አይናገሩም።»

ተቀመጥኩ። ሐቢባ እጅጌዬን ጎተተችና በጆሮዬ፣

«ይተዉት ክቡር ዳኛ» አለችኝ። «መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም እንዲህ ብድግ እል ነበር።»