የአቶ ዘውዱ ሁለተኛ ዓይን

ሰው ሥራ ሲያጣ የማያጣው ነገር መካሪ ነው። ሥራ እያለህ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። ሥራህ የሄደ ለት ግን ናይሮቢ ያለ ሐበሻ ሁሉ ወንበር ስቦ አጠገብህ ይቀመጣል። «ምን ችግር አለው፣ ሥራ መቀየር ነው» ይልሃል። ሸሚዝ ይመስል። እኔ ደግሞ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ሸሚዝም ከቀየርኩ ቆይቻለሁ።

ሠዓሊ ነበርኩ። ፊደል አልቆጠርኩም። የኔታ በልጅነቴ መጀመሪያ ብሩሽ አስያዙኝ፤ ፊደሉ ላይ ሳንደርስ እሳቸው ሞቱ። ይህንንም የምትጽፍልኝ ልጄ ሰብለ ናት፤ ስለዚህ ስለ ባሏ ብዙ አልናገርም።

ናይሮቢ ከመጣሁ ጀምሮ ሥራዬ ሁርሊንግሃም የሚባል ሰፈር ያሉትን የሐበሻ ምግብ ቤቶች ግድግዳ መሳል ነበር። ሰርግ እስላለሁ፣ ገበያ እስላለሁ፣ ከሁሉ በላይ ግን ንግሥተ ሳባን ይወዳሉ። አሥራ አንድ ጊዜ ከነግመሎቿ ወደ ሰሎሞን ወስጃታለሁ። አሥራ አንዱንም ጊዜ የሄደችው በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ነው፤ ባዶ ግድግዳ የሚተርፈው እዚያ ነዋ።

ከዚያ ፎቶ በፕላስቲክ ላይ አትሞ የሚያወጣ ማሽን መጣ። እኔ በሁለት ወር የምጨርሰውን እሱ ምሳ በልተህ እስክትመለስ ይጨርሰዋል። አንዷ ደንበኛዬ ጠርታ፣ ፕላስቲኩ በደንብ እንዲያርፍ ግድግዳውን ነጭ ቀለም ይቀቡልኝ አለችኝ። የገዛ እጄን ሥራ፣ ሳባን ከነግመሎቿ፣ በነጭ ቀለም ቀበርኳት። ሴትዮዋ ቆማ አየችና፣ «ጋሼ፣ እጅዎ እንዴት ጎበዝ ነው» አለች። ስስለው ያላገኘሁትን ምስጋና ሳጠፋው አገኘሁ።

ከዚያ በኋላ መኖሪያዬ ኢምባካሲ፣ ሰብለ ቤት ሆነ። መኝታዬ ሶፋ። ሶፋው ፊት ለፊት ቴሌቪዥን፣ ሶፋው ጫፍ ላይ የሰብለ ባል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ኳስ። ኳሱ ካላለቀ እግሬን መዘርጋት አልችልም። እንግሊዞች ደግሞ ኳስ የማይጫወቱበት ቀን የላቸውም። አላልኩም? ስለ ባሏ ብዙ አልናገርም።

ሰብለ አየችኝና ኪሌሌሽዋ ላይ አፓርታማ ያለው የአገራችን ሰው፣ አቶ ዘውዱ፣ የበር ዘበኛ እንደሚፈልግ ሰምታ ወሰደችኝ። ዘበኛው ማደሪያ ክፍል አለው። አልጋ ያለው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ዘበኝነትን አገባሁ።

አቶ ዘውዱ ስልክ እያወራ ነው የቀጠረኝ። ማንበብ መጻፍ ይችላሉ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ ይችላል ብሎ ገመተ። እኔም አላረምኩትም። ቀጣሪን በመጀመሪያው ቀን ማረም ነውር ነው።

ትእዛዙ አንድ ብቻ ነበር። በሩ ላይ ትልቅ መዝገብ አለ። ቀድሞ እንግዳው ራሱ ነበር የሚሞላው። ታዲያ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ መቼ እውነት ይጽፋል? አንዱ የሟች አያቱን ስም ሞልቶ ገባና የሰው ብስክሌት እየነዳ ወጣ አሉ። ስለዚህ አቶ ዘውዱ፣ ከእንግዲህ የገባውንም የወጣውንም እርስዎ ራስዎ ይመዝግቡ፣ አንድም ሰው እንዳያመልጥዎ ብሎኝ መኪናውን አስነሳ።

መጀመሪያ የመጣው ምግብ የሚያደርስ ባለ ሞተር ነበር። ኬንያዊ ነው፤ «ሐባሪ፣ ምዜ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። ምዜ ማለት ሽማግሌ ማለት ነው፤ አልተሳሳተም። እስክሪብቶውን ይዤ ባዶውን ገጽ አየሁት፤ ባዶው ገጽም አየኝ። ከዚያ እጄ የሚያውቀውን ሠራ። ሰውየውን ሳልኩት፣ ከነሞተሩ። የራስ ቁሩ እንደ አክሊል ዞሮት ሲታይ ሰማዕት ይመስላል፤ በናይሮቢ መንገድ ላይ ሞተር ለሚነዳ ሰው አልበዛበትም። ሰዓቱ መመዝገብ አለበት፤ ፀሐይዋን በነበረችበት ሳልኳት። ዝናብ ሲሆን ገመትኩ።

እንዲህ እያልኩ አራት ወር መዘገብኩ። አንድም ሰው አላመለጠኝም።

እዚህ ላይ የኔታ ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። በእኛ ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት ይሳላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ኃጥእ ግን በጎን ይሳላል፣ በአንድ ዓይን። ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ ይሁዳን እዩት። ክፉ ሰው ግማሹን ይደብቃል ይሉ ነበር የኔታ። የቀጠረኝ ሰው ይህን አልጠየቀኝም፤ ግን እጅ የለመደውን መቼ ይተዋል? እንግዳ ሲመጣ እጄ ራሱ ይወስናል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ ሙሉነሽ ከበረንዳዬ የጋዝ ሲሊንደር ጠፋ ብለው ግቢውን በጩኸት ሞሉት። ተከራይ ሁሉ ወረደ። አቶ ዘውዱ መጣ። «አባባ ደምሴ፣ መዝገቡን ያምጡ» አለ።

መዝገቡን ሳመጣ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ሶፋውን ብቻ ነበር ያሰብኩት።

ከፈተው። ገለጠ። ደግሞ ገለጠ። ስልኩን ከጆሮው ያወረደው ያኔ ነው። አንድም ፊደል የለም፤ ገጽ በገጽ ሰው ብቻ። ተከራዮቹ በትከሻው ላይ ተንጠልጥለው ራሳቸውንና እንግዶቻቸውን መፈለግ ጀመሩ። አንዷ አማቷን በአንድ ዓይን ተስላ አገኘቻትና ሥዕሉን ይስጡኝ ብላ ለመነች።

ሌባውም ተገኘ። ቤት ለማሳየት እየመጣ የሚሄድ ሱፍ ለባሽ ደላላ ነው፣ የራሳችን ሰው። በአንድ ገጽ ላይ ቀጭን ሻንጣ ይዞ ይገባል፤ በሚቀጥለው ሻንጣው እርጉዝ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱም ላይ አንድ ዓይን። ታዲያ እያዩት ለምን አልያዙትም አሉኝ። መዝግብ ነው የተባልኩት፤ ያዝ አልተባልኩም። ደላላው ተደወለለት፤ ሥዕልህ አለ ሲባል ሲሊንደሩን በተሳሳተ ሻንጣ ነው የወሰድኩት ብሎ ሊመልስ ተስማማ።

እኔም ተረፍኩ ስል አቶ ዘውዱ አንድ ገጽ ላይ ቆመ። በመኪናው ውስጥ የተቀመጠ ወፍራም ሰው አየ። መኪናውን አወቀው።

«ሌላው ዓይኔ የት ሄደ?» አለ።

እኔ እስክሪብቶዬን ኪሴ ከተትኩ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ግን ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም፤ ዝም ማለትም አያውቁም። ሥርዓቱን ከነይሁዳው አስረዱት። ሰውየው ገጹን ሁሉ አገላበጠ። በገባበት አንድ ዓይን፣ በወጣበት አንድ ዓይን። አንዱ ገጽ ላይማ ከደላላው ጋር ጎን ለጎን ነው፤ ወንድማማች ይመስላሉ። ተከራዩ ሁሉ ወደ መሬት አየ፤ ሳቁን ሊደብቅ።

«አባባ ደምሴ፣ እኔ ምን በደልኩዎት?» አለኝ። በቁጣ አልነበረም። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሌላው ሰው ሲፈራ ይለፈልፋል፤ እኔ ስፈራ ጭራሽ አልናገርም። ሶፋው ግን ትዝ አለኝ።

«አቶ ዘውዱ» አልኩ፣ «አራት ወር በር ከፈትኩልዎ። ሲገቡም ሲወጡም ስልክ እያወሩ፣ ፊትዎን ወደዚያ አዙረው ነው። ሌላኛው ዓይን መኖሩን በምን ልወቅ?»

ወይዘሮ ሙሉነሽ እንኳ ጸጥ አሉ፤ ይኼን መመዝገብ ነበረብኝ።

አቶ ዘውዱ ስልኩን ኪሱ ከተተ። መጥቶ ፊቴ ቆመ። «እንግዲህ ይዩኝ» አለ። አየሁት። እዚያው መዝገቡ ላይ፣ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ሳልኩት። ግራዋን ዓይን ትንሽ አሳነስኳት፤ ለጥንቃቄ። ገጹን ቀዶ ወሰደው። አልጋዬም እኔ ጋ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ሲገባ መስኮቱን አውርዶ፣ ስልኩን ትቶ፣ ፊቱን ሙሉ ወደ እኔ አዙሮ፣ እንዴት አደሩ ይለኛል። በሥዕል መመዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከእርስዎ ተማርኩ አለኝና፣ ባለፈው ሳምንት በሩ ላይ ካሜራ አስተከለ። ማሽን ሁለተኛ ጊዜ መጣብኝ ብዬ ነበር፤ ግን ካሜራ ያያል እንጂ በር አይከፍትም።

ካሜራውን የሰቀሉት ከመኪና መግቢያው በስተጎን፣ ግንቡ ላይ ነው። ስክሪኑን ክፍሌ አስገቡልኝ። ቁጭ ብዬ አያለሁ። የሚገባው ሁሉ በጎን ይታያል። ወይዘሮ ሙሉነሽ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ አንድ ዓይን። ቄሱ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ፣ አንድ ዓይን። አቶ ዘውዱም ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ በፈገግታ ሰላም ሲለኝ፣ ለካሜራው የሚቀርለት ጎኑ ነው።

ትናንት ስክሪኑን ልይ ብሎ ገባ። ራሱን አየ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ በሁለት ዓይኑ።

እኔም ጣቴን ወደ ካሜራው ቀሰርኩ። ይኼኛውን ሠዓሊ የቀጠረው እሱ ራሱ ነው።