ክቡር አቶ ሃርየስና የዓይን ከፍታ

በጀርመኗ ብሬመን ከተማ ጣራ የሌለው ሕንፃ ሊገኝ ይችላል፤ ሜትር በኪሱ ይዞ የሚዞር ጎረቤት የሌለበት ሕንፃ ግን የለም። የእኛው ክቡር አቶ ሃርየስ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የትራም ሹፌር፣ የቴሌቪዥን ከፍታ ዋና ዳኛ።

አዲስ ቴሌቪዥን ደረጃውን ሲወጣ ካዩ በሩ ሳይዘጋ ይደርሳሉ። ሶፋው ላይ ዘፍ ይሉና ከወለሉ እስከ ዓይናቸው ይለካሉ። "የስክሪኑ መሃል መቶ አምስት ሳንቲሜትር ላይ! የሚሰቅለው ዓይን ነው እንጂ ግድግዳ አይደለም!" የሁለተኛው ፎቅ ባልና ሚስት ከመጽሐፍ መደርደሪያው በላይ ሰቅለው ቢያገኟቸው፣ "ይሄ ቴሌቪዥን ነው ወይስ ጨረቃ? አንገታችሁ ምን በደላችሁ?" አሏቸው። ባልየው በገነ። በሳምንቱ ግን አወረደው። ሰውዬው ተሳስተው አያውቁም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው።

ሌላው ሃይማኖታቸው የቀትር ጸጥታ ነው። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግድግዳ የሚበሳ ወዮለት! አንድ ቀን ሰባት ከአምስት ላይ አንዲት ምስማር ብመታ፣ በሬ ሥር ወረቀት አገኘሁ፦ "ወይዘሮ ማይነርስ፣ ሰዓትዎ ቆሟል?"

ባለፈው የካቲት ባለቤቴ ሃይኮ ወገቡን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ስድስት ሳምንት በጀርባው እንዲተኛ ታዘዘ። ልጃችን ፌምከ ደግሞ አንድ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ የእጅ ኳስ ጨዋታ በረኛ ሆና ልትቆም ነው። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ አባቷን አንድም ጨዋታዋ አምልጦት አያውቅም። ስለዚህ በጠዋት ተነስቼ፣ በአቶ ሃርየስ ሕግ መሠረት፣ ቴሌቪዥኑን መኝታ ቤት መቶ አምስት ላይ ልክክ አድርጌ ሰቀልኩት።

ሰባት ተኩል ላይ ከፈትኩት። ሃይኮ፣ "የራሴን እግር ነው የማየው፣ ስክሪኑን ጋርዶታል" አለ። ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

ሮጬ ጎረቤቴን ጠራሁ። አቶ ሃርየስ ገቡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ "ጠጋ በል" ብለው ከሃይኮ ጎን ጋደም አሉ። ግድግዳውን አዩ። ሜትራቸውን ከኪሳቸው አወጡና ሳይለኩ መልሰው ከተቱት።

"ሕጌ ለተቀመጠ ሰው ነው" አሉ በመጨረሻ። "ስለ ተኛ ሰው አላሰብኩም። ጥፋቱ የኔ ነው። አርባ ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ መስቀያውም ወደ ታች ያዘንብል። መሰርሰሪያ ያምጡ።"

"ኧረ ሰባት ሰዓት ካለፈ ቆየ!" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

ግድግዳው ሲጮህ፣ ከላይኛው ፎቅ አሮጊቷ ወይዘሮ ብሩንስ በመስኮት ብቅ አሉ፦ "ሃርየስ! አንተ ራስህ? አብደሃል እንዴ?"

"አብጃለሁ! ሃያ ደቂቃ ብቻ ታገሺኝ፣ ልጅቷ ልትገባ ነው!"

የፕላስቲክ ፊሸሩን ቀዳዳው ውስጥ መቱ፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ ውሃ ልኩን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን ዋጡ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ፌምከ መረቡ ፊት ቆማ ነበር። ሃይኮ ራሱን ከትራሱ ሳያነሳ አያት። "እግሯ ሳይቀር ይታየኛል፣ እያት! የኔ ልጅ!" አለ፤ እንባው ወደ ጆሮው ፈሰሰ።

አቶ ሃርየስ ልኩን ሊያረጋግጡ እንደገና ከጎኑ ተኝተው ነበር። ሊነሱ ሲሉ ሃይኮ ክንዳቸውን ያዘ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያማኋቸው ሰው፣ አንጀቴን በሉት። ትራሴን ከራሳቸው ሥር አድርጌላቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንገቴ እስኪጣመም አንጋጥጬ ልጄን አየኋት።