የአራዳው ለቀስተኛ

(ጎንደር፣ አራዳ። የባህል ልብስ ሱቅ ደጃፍ። ባለሱቁ እንዳልካቸው አደባባዩ ላይ የተተከለውን አዲስ ሐውልት በጣቱ ያሳያል። ከኮላ ድባ የመጡት አያ በላቸው ፌስታል አንጠልጥለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል።)

እንዳልካቸው፦ አያ በላቸው፣ ባርኔጣዎን ይድፉ እንጂ። ድንጋይ ነው እኮ።

በላቸው፦ ድንጋይስ ቢሆን? ሐዘን ላይ ነው። «እግዜር ያጥናህ» ብየው መጣሁ።

እንዳልካቸው፦ ስሙ «እንግዳ ተቀባይ» ነው! እንኳን ደህና መጣችሁ እያለ ነው።

በላቸው፦ ኩታውን አዘቅዝቆ? ጥለቱን አንገቱ ላይ አውጥቶ? እንዲያ የሚለብስ ለቀስተኛ ነው። እጁን ሲዘረጋም ደረቱን ሊመታ መስሎኝ።

እንዳልካቸው፦ ሊያቅፍዎ ነው።

በላቸው፦ በማኪናው አብረውኝ የመጡት ሴቶች ገና ሲያዩት እየየ አሉ። ማን እንደሞተ የሚያውቅ የለም። እኔም አለቀስሁ።

እንዳልካቸው፦ እኛ ጎንደሬዎች መቼስ ለቅሶ ካገኘን ስለ ሟቹ አንጠይቅም። በዚያ ላይ በቤተ መንግሥት ድንጋይ ሥር ስላደግን ሁላችንም የሐውልት አዋቂ ነን። እኔ ግን እውነትም አዋቂ ነኝ።

በላቸው፦ እሱስ ታውቃለህ።

እንዳልካቸው፦ ሠርገኛ እኮ ሱቄን እያለፈ ይሄዳል! ለቀስተኛ ፊት ለፊት ቆሞ የሙሽራ ልብስ ማን ይመርጣል? ዛሬ ከሰዓት ስለ ሐውልቱ ስብሰባ አለ። ተነሥቼ «ይፍረስ፤ ቀራፂውን ያሳሳተው ሰውም ሕዝብ ፊት ይቅርታ ይጠይቅ» እላለሁ።

በላቸው፦ ምነው፣ ያሳሳተው ሰው አለ?

እንዳልካቸው፦ አንድ አላዋቂ ይኖራላ። ቀራፂው የሌላ አገር ሰው ነው፤ ያሳዩትን ነው የቀረፀ።

በላቸው፦ ያ ጸጉሩን ያሳደገው ነው? ቦርሳ የሚያነግተው?

እንዳልካቸው፦ የት ያውቁታል?

በላቸው፦ አምና እዚሁ ደጃፍህ ተቀምጦ ሲሥል አየሁት። ሻይ አስመጥተህለት ነበር።

እንዳልካቸው፦ አዎ፣ «የአገሩን አለባበስ አሳየኝ» ሲለኝ በሩ ላይ ያለውን አሻንጉሊት... (ሁለቱም ወደ በሩ ይዞራሉ። ኩታ የለበሰ አሻንጉሊት ቆሟል፤ ጥለቱ አንገቱ ላይ ነው።)

በላቸው፦ ሸጋ ጥለት ነው።

እንዳልካቸው፦ እሱማ... ከሩቅ እንዲታይ ብዬ ነው። ታች ሲሆን ገበያተኛው አያየውም።

በላቸው፦ አየነው እንጂ።

እንዳልካቸው፦ ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ምነው አልነገሩኝም?

በላቸው፦ ሐዘንተኛን «ለምን አዘንህ» ይባላል? ቤተ ሰብ የሞተብህ መስሎን ነው። ትልቋን ልጄን ስድርም እንዳላስቸግርህ ብየ ልብሱን ከማዶ ሱቅ ገዛሁ።

እንዳልካቸው፦ ለታናሿ ሠርግ ግን ከእኔ ሊገዙ ነው የመጡት።

በላቸው፦ (የአዲስ ልብስ ጥለት ብቅ ያለበትን ፌስታል ከኋላቸው ይደብቃሉ) የለም ልጄ። ሐውልቱም እንዳንተ አሻንጉሊት አዘቅዝቆ ባየው፣ ከተማው ሁሉ ሐዘንህን የተካፈለ መሰለኝ። ልጠይቅህ ነው የገባሁ።

(እንዳልካቸው የአሻንጉሊቱን ኩታ እየገለበጠ ያለብሳል።)

እንዳልካቸው፦ ስብሰባው ላይ ተነሥቼ ምን ልበል እንግዲህ?

በላቸው፦ (ባርኔጣቸውን እየደፉ) አንተ ቅር። ሐዘን ላይ ነው ብየ እነግርልሃለሁ።